ሄሚንግዌይና ወደብ ያልደረሰው ዓሣ

መቼም ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ውቅያኖስ ዓሣ ልጻፍ ብሎ ሲነሣ ሰሚው መሳቁ አይቀርም። እኔም በራሴ ስቄያለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ልደታ ነው። እስካሁን ያየሁት ትልቁ ውኃ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ቢሾፍቱ ሄደን ያየነው የሆራ ሐይቅ ሲሆን እሱንም ቢሆን ከዳር ቆሜ ነው። ዓሣ ማለት ለእኔ ከዝዋይ ወይም ከአርባ ምንጭ በበረዶ ተጭኖ የሚመጣ፣ በጾም ሰሞን ከምግብ ቤት በራፍ ላይ የሚጠራኝ ነገር ነው፤ ኪሴ ሲፈቅድ ጉላሽ፣ ሳይፈቅድ ሽታው ብቻ።

ታዲያ ይኼን ርእስ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። ነገሩ የጀመረው ከጎረቤታችን ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁላችንም ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ እኔም እዚህ ከዚያ አላልፍም። ጋሼ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆነው ምጽዋ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከተማዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ከወጣች ወዲህ ባሕር አላዩም። ሲያወሩ ግን ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ሁልጊዜ ስለ አንድ ዓሣ ነበር። አንድ ንጋት ሦስት ሆነው ከመርከቡ ላይ ወፍራም ገመድ ከነመንጠቆው ወርውረው አንድ ትልቅ ነገር ያዙ። መዳፋቸው እስኪላጥ ጎተቱት። ከመርከቡ ሥር ነጣ ብሎ መታየት ሲጀምር ገመዱ በድንገት ቀለለ። ስበው ሲያወጡት የመጣው ጭንቅላቱ ብቻ ነበር፤ አፉ ገና ይከፈታል፣ ይዘጋል። የቀረውን ሻርክ ወስዶታል። ጋሼ እዚህ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው የጭንቅላቱን መጠን ያሳዩናል፤ የዓሣውን መጠን ግን አሳይተውን አያውቁም። አላዩትማ!

አምና ለዚሁ መጽሔት እጽፈዋለሁ ብዬ የሕይወት ታሪካቸውን ሁለት ሰዓት ያህል በስልኬ ቀዳሁ። ወደ ወረቀት ሳልገለብጠው ዛሬ ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት አቆየሁት። ከዚያ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩ ከኪሴ ወጣ። ሌላ ግልባጭ አልነበረኝም። ድጋሚ ስሄድ ጋሼ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ፤ የሁለት ሰዓቱን ታሪክ በአምስት ደቂቃ ነገሩኝ። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ዐረፉ።

የዚህ ሴሚስተር የቤት ሥራችን ከሞተ ረጅም ዘመን የሆነው የታወቀ ሰው ሕይወት ነው፤ የማንንም ቃል ሳንጠቅስ በራሳችን አንደበት እንድንተርክ ታዘናል። ጋሼ ሁለቱንም አያሟሉም። ስለዚህ እሳቸው የወደዱትን ሰው መረጥኩ። ከመታመማቸው በፊት የኧርነስት ሄሚንግዌይን «ሽማግሌውና ባሕሩ» በፎቶ ኮፒ አንብቤ በአማርኛ ተርኬላቸው ነበር። ሰማንያ አራት ቀን ምንም ሳይዝ የከረመ ኩባዊ ሽማግሌ በሰማንያ አምስተኛው ቀን ለብቻው ሩቅ ሄዶ አምስት ሜትር ተኩል የሚሆን ማርሊን ይይዛል፤ ዓሣው ጀልባውን ይዞት ይሄዳል፤ በመጨረሻ ቢያሸንፈውም ሻርኮች ሲበሉበት ውለው አድረው አጥንቱን ብቻ ይዞ ይገባል። ስጨርስ ስለ ሰውየው ብርታት ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ ጋሼ የጠየቁኝ ገመዱ ስንት ሜትር እንደነበር ነው። አላስታወስኩም። ቤት ገብቼ ገጹን ፈልጌ አሰላሁት፤ ሽማግሌው ጥቅልሎቹን ቢቀጣጥል ከ500 ሜትር በላይ መልቀቅ ይችላል። በማግሥቱ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእንዲህ ያለው ዓሣ እንደሚበቃ ተስማሙ። ደራሲው ባሕር ያውቃል ማለታቸው መሰለኝ። እንዴት እንዳወቀ ለማየት ነው እንግዲህ ሕይወቱን ያነበብኩት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት የእኛ መሆናቸው ካልተነገረ በስተቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሄሚንግዌይ ሐምሌ 21 ቀን 1899 በቺካጎ አጠገብ ኦክ ፓርክ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ እናቱ የሙዚቃ ሰው። ቤተሰቡ በጋውን የሚያሳልፈው ሚሺጋን ውስጥ ሐይቅ ዳር በነበራቸው ጎጆ ስለነበር ልጁ ዓሣ ማጥመድን ከአባቱ የተማረው ገና በሕፃንነቱ ነው። ያኔ የያዘው የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ነው፤ እጅ ላይ የሚያርፍ፣ ለአንድ መጥበሻ የሚሆን።

ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰ በ1917 ዩኒቨርሲቲ መግባቱን ትቶ ካንሳስ ሲቲ ስታር በሚባል ጋዜጣ በጀማሪ ሪፖርተርነት ተቀጠረ። የቆየው ስድስት ወር ገደማ ብቻ ነው። ጋዜጣው ለሠራተኞቹ የሚሰጠው አንድ የአጻጻፍ መመሪያ ነበረው፤ ዐረፍተ ነገር ይጠር፣ የመጀመሪያው አንቀጽ አጭር ይሁን፣ ትርፍ ቃል ይውጣ የሚል። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ስንሰማው ያዛጋንበት ትምህርት ማለት ነው። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም።

በ1918 ጣሊያን ግንባር የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሾፌር ሆኖ ሄደ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሞርታር ፍንጣሪ እግሩን በሳሳው። ከ200 በላይ ስብርባሪ ነው የገባበት። ዳነና ለቶሮንቶ ስታር መጻፍ ጀመረ፤ በ1921 መጨረሻም የጋዜጣው ዘጋቢ ሆኖ ከመጀመሪያ ሚስቱ ከሐድሊ ጋር ወደ ፓሪስ ተሻገረ። መርከባቸው በመንገድ ላይ ስፔን ውስጥ ቪጎ ወደብ ቆማ ነበር። እዚያ ነው ትልቅ የባሕር ዓሣ ሲዘል ያየው። ቱና ነበር። በየካቲት 1922 በጋዜጣው ላይ ስለዚሁ ዓሣ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ትልቁ ቱና ከሰው ጋር የሚያደርገውን ትግል ከዓሣ ማጥመድ ይልቅ ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ያመሳሰለበት ነው። ያኔ እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ዓሣ ይዞ አያውቅም። ያየውን ነው የዘገበው።

ስለ ጋዜጠኝነቱ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አገሬ ትታዘበኛለች። በ1922 መጨረሻ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ ላይ ትልቅ የሰላም ጉባኤ ነበር። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። ጋዜጠኞቹ ለቃለ መጠይቅ ሲገቡ ሰውየው አንድ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ በጥልቅ ሐሳብ የተዋጠ መስሎ ተቀመጠ። ሄሚንግዌይ በእግሩ ጣት እየተራመደ ከኋላው ሄዶ መጽሐፉን አየ፤ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው፣ ያውም ተዘቅዝቆ የተያዘ። ይኼን በጥር 1923 በጋዜጣው ላይ አወጣው። አድዋን እበቀላለሁ ብሎ ከመነሣቱ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሰውየውን አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ሪፖርተር ከጀርባው ሄዶ አይቶት ነበር ማለት ነው።

በዚያው ጉባኤ ሰሞን ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ሐድሊ ከፓሪስ ወደ ሎዛን ልትመጣለት ስትነሣ እስከዚያ ቀን የጻፋቸውን ታሪኮች በሙሉ፣ የካርቦን ግልባጮቻቸውን ጭምር፣ በአንድ ሻንጣ አድርጋ ይዛለት ወጣች። ባቡር ጣቢያው ላይ ሻንጣው ተሰረቀ። ከጥቂት ጽሑፎች በስተቀር የተረፈ አልነበረም። ይኼን ሳነብ ማታ ነበር፤ መጽሐፉን ከድኜ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ከነግልባጩ! እሷን ሰው ሁሉ ይወቅሳታል፤ እኔ ግን አልፈርድባትም።

ሄሚንግዌይ እንደ አዲስ ጀመረ። በ1926ና በ1929 ያሳተማቸው ሁለት ልብ ወለዶች ስሙን በዓለም ላይ አስጠሩት፤ ስለነሱ ብዙ ተጽፏልና አልዘገይባቸውም። ከጽሑፌ ጋር የሚገናኘው በ1928 ፍሎሪዳ ጫፍ ላይ ወዳለችው ኪ ዌስት ደሴት መግባቱ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አባቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። መጀመሪያ መንጠቆ ያስያዘው ሰው ነው የሄደው። እሱም ከዚያ ወዲህ ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ጥልቁ ባሕር ነው ያዘነበለው።

በ1932 በወዳጁ ጀልባ ወደ ሃቫና ተሻግሮ ማርሊን ማጥመድ ጀመረ። ማርሊን አፉ እንደ ጦር የሾለ፣ ጀርባው ሰማያዊ የሆነ ፈጣን ዓሣ ነው። ገልፍ ስትሪም የሚባለው ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት ኩባን ታክኮ ስለሚያልፍ ዓሣው ከባሕሩ ዳርቻ ሳይርቅ ይገኛል። እንዴት እንደሚያዝ ከጽሑፎቹ ለቅሜ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ለባሕር እንግዳ ለሆነ እንደኔ ላለ አንባቢ ቀለል አድርጌ ልናገረው።

ጀልባው ቀስ እያለ ሲሄድ መንጠቆ የተሰካበት ትንሽ ዓሣ ከኋላ ይጎተታል። ማርሊኑ መጥቶ አንዳንዴ በጦሩ መታ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ሰው ደንግጦ ክሩን ከሳበ አለቀለት፤ ክሩን ላላ አድርጎ ዓሣው የሞተ ምግብ ያገኘ መስሎት እስኪውጥ መታገሥ አለበት። ሲውጥ መንጠቆውን መትከል። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ዓሣው ከውኃው እየዘለለ ይሮጣል፤ ከመዘውሩ ላይ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ክር ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ ናይለን አልነበረም፤ ክሩ ከተልባ እግር የተፈተለ ነው። መዘውሩ ፍሬን አለው፤ አጥብቀህ ከያዝከው ክሩ ይበጠሳል፣ ካላላኸው ዓሣው ያርፋል። ሰውየው ወንበሩ ላይ በማንገቻ ታስሮ ተቀምጦ ዘንጉን በወገቡና በጀርባው ጉልበት ወደ ላይ ያነሣል፣ ዝቅ ሲያደርግ ያገኛትን አንድ ክንድ ክር ይጠቀልላል። ደግሞ ያነሣል። ይኼ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ዓሣው ወደ ጥልቁ ሰምጦ እዚያው ከሞተ ደግሞ የሬሳ ክብደት ነው፤ በስንዝር በስንዝር ማውጣት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ችግር አለ። ዓሣው ሲደክም ሻርክ ይመጣል።

ሄሚንግዌይ በ1933ና በ1934 መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ ኬንያና ታንጋኒካ ውስጥ አደን ላይ ከረመ፤ በአሜባም በጠና ታመመ። ወደ አሜሪካ ሲመለስ የኤስኳየር መጽሔት አዘጋጅ ወደፊት ለሚጽፋቸው ጽሑፎች ቀብድ ሰጠው፤ በዚያ ገንዘብ ከኒው ዮርክ ጀልባ ሠሪዎች ፒላር የተባለችውን ጀልባ አዘዘ። ርዝመቷ 38 ጫማ፣ ማለትም ዐሥራ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ጀልባዋ የተገዛችው ገና ባልተጻፈ መጣጥፍ ነው። እኛ አገር ለተጻፈውም ሲከፈል አላየሁም።

በዚያው በ1934 ከፊላደልፊያ የተፈጥሮ ሳይንስ አካዳሚ ሁለት ሰዎች ማርሊንን ሊያጠኑ ፒላር ላይ ወጡ። ነጩ፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ማርሊን አንድ ዓይነት ዓሣ ሆነው በዕድሜና በፆታ ብቻ የሚለያዩ ይሆናሉ የሚል መላምት ሄሚንግዌይ ነበረው። ይኼ ስሕተት ሆኖ ቀርቷል፤ ነጩና ሰማያዊው የተለያዩ ዘሮች ናቸው። ሆኖም ግዙፎቹ ሰማያዊ ማርሊኖች ሴቶቹ መሆናቸው እውነት ነው። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የነበረው ሄንሪ ፋውለር በማግሥቱ ዓመት ለአንድ የዓሣ ዘር የሄሚንግዌይን ስም ሰጠው። የሚገርመው፣ ዓሣው ማርሊን ሳይሆን እሾሃማ፣ ከባሕር ወለል የማይርቅ ትንሽ ዓሣ ነው።

1935 ለእኔ የሕይወቱ ዋና ዓመት ነው። ቢሚኒ የምትባል የባሃማስ ደሴት አካባቢ ግዙፍ ቱናዎች ያልፋሉ፤ ነገር ግን እዚያ በዘንግና በመዘውር ተይዞ ሙሉ ሰውነቱ ጀልባ ላይ የወጣ ቱና አልነበረም። ሁሉም የሚደርሱት ተበልተው ነው፤ ጭንቅላትና አከርካሪ። የምጽዋውን ጭንቅላት አስታውሱልኝ። ሄሚንግዌይ በሚያዝያ ወር ወደዚያ ሲነሣ ገና መንገድ ላይ ጀልባዋ ጎን የደረሰ ሻርክ በሽጉጥ ሲተኩስ ጥይቱ ከብረት ላይ ነጥሮ ሁለት እግሩን አቆሰለው። ተመልሶ ታከመና እንደገና ሄደ። ያሰበበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ለዓሣው ዕረፍት አለመስጠት። ሌሎቹ ዓሣው እስኪደክም ድረስ ለሰዓታት ይጠብቁ ነበር፤ እሱ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ክሩ በሚችለው ልክ እየሳበ ሻርኩ ሳይሰማ ለመጨረስ ይጣደፋል። ከሻርክ ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ነው። በዚያ ወቅት ሙሉ ቱና ቢሚኒ ላይ በማውጣት የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ ይነገርለታል። ሦስት ሳምንት ካሴት አቅፌ ለተኛሁት ለእኔ ይኼ ዘዴ ትንሽ ይቆጠቁጣል።

ግን ሰውየውን መልአክ ላድርገው አልፈልግም። በዚያው ዓመት ሰዓሊ ወዳጁ ሄንሪ ስትሬተር በሕይወቱ ትልቁን ማርሊን ይይዛል። ዓሣው ጀልባዋ አጠገብ ሲደርስ ሻርኮች መጡ። ሄሚንግዌይ መትረየስ ነበረው። ተኮሰባቸው። ደሙ ውኃው ላይ ሲሰራጭ ሌሎች ሻርኮች ጠራ፤ ብዙ በተኮሰ ቁጥር ብዙ መጡ። ዓሣው ሲወጣ ግማሹ አልነበረም። የተረፈው ብቻ 500 ፓውንድ ያህል ይመዝን ነበር፤ ከሁለት ኩንታል ይበልጣል። ስትሬተር በኋላ እንደተናገረው ሄሚንግዌይ ያን ያደረገው በቅናት ነው። ይሁን አይሁን እሱ ያውቃል። እኔ የምለው፣ የሚያግዝ መስሎት ነገሩን የሚያበላሽ ሰው በየሰፈሩ አለ።

አሁን ወደ እኛ አገር የሚመጣውን ክፍል ላንሣ። ጣሊያን በጥቅምት 1935 ኢትዮጵያን ሲወር ሄሚንግዌይ አልመጣም፤ እዚያው ኪ ዌስት ሆኖ ነው የጻፈው። በጥር 1936 ኤስኳየር ላይ የወጣው ጽሑፉ ስለዚሁ ጦርነት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አደኑ ጊዜ ያስተዋላቸውን ጥንብ አንሣዎች አንሥቶ የቆሰለ ወታደር ሜዳ ላይ ሲቀር ምን እንደሚጠብቀው ይተርካል፤ ያለ ፈቃዱ ለሙሶሊኒ ክብር ለሚላከው የጣሊያን ገበሬ ልጅ ያዝናል። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ እኛን ብዙ አያየንም። በሩቅ ሆኖ የተጻፈ ስለሆነ ኢትዮጵያዊ ፊት የለበትም፤ ያለው ወፍ ነው። የቆሰለውን ከሰማይ ሆኖ የሚጠብቀውን ግን በደንብ ያውቀዋል።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1936 እትም፣ በዚያው መጽሔት ላይ ስለ ባሕር ዓሣ ማጥመድ አንድ መጣጥፍ አወጣ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን በተፈታበት ሰሞን መሆኑ ነው። የመጣጥፉ ዋና ሐሳብ ሰው ጥልቅ ባሕር ላይ ዓሣ ማጥመድ ለምን እንደሚወድ ማስረዳት ነው። መሐሉ ላይ ግን ኩባዊው የጀልባ ባልደረባው ካርሎስ ጉቲዬሬዝ የነገረው አንድ ታሪክ በአንድ አንቀጽ ገብቷል። አንድ ሽማግሌ ለብቻው በታንኳ ወጥቶ በእጅ ገመድ ታላቅ ማርሊን ያዘ። ዓሣው ሩቅ ባሕር ይዞት ገባ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሎች አጥማጆች 60 ማይል ርቀው አገኙት። ሻርኮቹን በመቅዘፊያ እየመታና እየወጋ ተዋግቷቸው ኃይሉ አልቆ ነበር፤ ሲያገኙት ታንኳው ውስጥ ሆኖ እያለቀሰ ነው፣ ሻርኮቹም ገና ይዞሩታል። የተረፈው የዓሣው ግማሽ የማይሞላው ክፍል ነው። ሲመዘን 800 ፓውንድ ወጣ፤ ሦስት ኩንታል ተኩል ጤፍ አልፎ የአንድ ደህና ሰንጋ ክብደት ማለት ነው።

ይኼን አንቀጽ ሳነብ ነው ሥራው የገባኝ። ስም የለም፣ ስሜት የሚገልጽ ቃል የለም ማለት ይቻላል። ቦታው፣ ቀኑ፣ ርቀቱ፣ ክብደቱ። አንድ ሪፖርተር የሰማውን መዝግቦ አለፈ። ወደ መጽሐፍነት ለመለወጥ ዐሥራ አምስት ዓመት ፈጀበት። የማስታወሻው ገጽ ግን ጠብቆታል።

በመሐል የሆነውን በአጭሩ ልበለው፤ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ዘጋቢ ሆነ፣ ከ1939 ጀምሮ ሃቫና አጠገብ ፊንካ ቪሂያ በተባለ ቤት ኖረ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፒላርን ይዞ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሲፈልግ ከረመ (አላገኘም)፣ በ1944 ደግሞ በዘጋቢነት አውሮፓ ተሻገረ። ሦስት ጊዜ ፈትቶ አራት ጊዜ አገባ። መጠጡም በረታ። በ1939 ኒው ዮርክ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የትልልቅ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ከ1940 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነበር። የዚህ ማኅበር ደንብ ያስገርማል። ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ሻርክ ከሥጋው ከነካ ለክብረ ወሰን አይመዘገብም። ሌላ ሰው ዘንግህን ከነካም አይመዘገብም። በጥይት የተመታም አይመዘገብም። በእጅ ገመድ የተያዘማ ከመጀመሪያውም አይታይም። እንግዲህ በደንቡ ቢሄድ የዚያ ሽማግሌ ዓሣ ዜሮ ነው።

በ1950 ያሳተመው ልብ ወለድ በሐያስያን ክፉኛ ተመታ፤ አለቀለት ተባለ። በ1951 መጀመሪያ ስምንት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ የሽማግሌውን ታሪክ ጻፈ። ላይፍ መጽሔት በመስከረም 1952 ሙሉውን በአንድ እትም ሲያወጣው በሁለት ቀን ከአምስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ፑሊትዘርን በ1953፣ ኖቤልን በ1954 አገኘ። ከሽልማቱ ወራት በፊት ግን፣ በጥር 1954፣ ዩጋንዳ ውስጥ ነጭ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የተሳፈረባት አውሮፕላን ሽቦ መትታ ወደቀች፤ ከዚያ ሊያወጣው የመጣው ሁለተኛ አውሮፕላንም ሲነሣ ወድቆ ተቃጠለ። ጋዜጦች መሞቱን አወጁ። ሰውየው አልጋ ላይ ተኝቶ የራሱን የሞት ዜና አነበበ። ሬሳ ሳያዩ ለሚጽፉ ባልደረቦቻችን ጥሩ ትምህርት ነው። ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር፤ ራሱ ቅሉ፣ ጉበቱ፣ ኩላሊቱ ተጎድቶ ስለነበር ሽልማቱን ሊቀበል ስቶክሆልም አልሄደም። ሜዳሊያውን ለኩባ ሕዝብ ሰጠ።

ከዚያ ፊልሙ መጣ። በ1956 የፊልም ባለሙያዎችን ይዞ ለትልቁ ዓሣ ቀረጻ ፔሩ፣ ካቦ ብላንኮ ሄደ። ማርሊን ያዙ፤ ነገር ግን ፊልሙ የሚፈልገውን ያህል ግዙፍ ዓሣ ካሜራው ፊት ሊያመጡ አልቻሉም። አልፍሬድ ግላሴል የተባለ አሜሪካዊ እዚያው ካቦ ብላንኮ በነሐሴ 1953 የያዘው ጥቁር ማርሊን 1,560 ፓውንድ፣ ማለትም ከ700 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ በፊልም ተቀርጾም ነበር። በ1958 በወጣው ፊልም ላይ የሚዘለው ዓሣ ከዚያ የተወሰደ ነው። ስለ ዓሣ ከማንም በላይ የጻፈው ሰው ለራሱ ታሪክ የሌላ ሰው ዓሣ ተዋሰ።

በ1960 ከኩባ ወጣ። አእምሮው እየታወከ ስለነበር ሆስፒታል ገብቶ በኤሌክትሪክ ንዝረት ታከመ፤ ሕክምናው ትዝታውን እንደወሰደበት ያማርር ነበር። ለእሱ ትዝታ ማለት መሣሪያው ነው። ሐምሌ 2 ቀን 1961 ኬቸም በምትባል የአይዳሆ ከተማ እንደ አባቱ በገዛ እጁ ሞተ፤ ስድሳ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር። የመጀመሪያው ዜና ጠመንጃ ሲያጸዳ የደረሰ አደጋ ነው የሚል ነበር። ፒላር ፊንካ ቪሂያ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የቴኒስ ሜዳ በነበረ ቦታ ላይ፣ በደረቅ መሬት ቆማ ለጎብኚ ትታያለች።

ያቺን የ1936 አንቀጽ ያገኘኋት ጋሼ ካረፉ በኋላ ነው። ባገኛት ኖሮ መጀመሪያ የምነግራቸው ሚዛኑን ነበር፤ ከዓሣው ግማሽ የማይሞላው 800 ፓውንድ እንደነበር። ዓሣው ሲደርስ ሚዛን ያቀረበ ሰው መኖሩ ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። የእሳቸውን የመዘነው የለም። ያን ጭንቅላት ምን እንዳደረጉት የሰማሁት በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው፤ የመርከቡ ወጥ ቤት ወስደው በበርበሬ ቀቅለው፣ ሦስቱም በላጠ መዳፋቸው በሉት።